የቀለም ምስክርነት፦ በአምስተርዳም፣ በሮተርዳምና በሄግ ጠጣር ነገር በብርሃን የተመረመረበት ታሪክ

ከኢየሩሳሌም ወደ ኤማሁስ ይጓዙ የነበሩት ሁለቱ ደቀ መዛሙርት፥ ከሙታን ከተነሣው ጌታቸው ጋር መንገዱን ሁሉ እየተነጋገሩ ሄደው ማንነቱን ሳይለዩ እንደ ቈዩና፥ ከማዕድ ተቀምጦ ኅብስቱን ባርኮ በቈረሰላቸው ጊዜ ብቻ ዐይናቸው ተከፍቶ እንዳወቁት የሚናገረውን የወንጌል ታሪክ ሳይሰማ ያደገ የሀገራችን ሰው ጥቂት ነው። በ1938 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታትና ቀኖች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው) በሮተርዳም ከተማ፥ በቦይማንስ ሙዚየም ለሕዝብ የታየው ሥዕል የሚያሳየው ይህንኑ ሰዓት ነበር፤ ሰማያዊ ልብስ የለበሰው ጌታ ዐይኑን ዝቅ አድርጎ፥ እጁን በኅብስቱ ላይ ዘርግቶ፥ ደቀ መዛሙርቱ በዙሪያው በጸጥታ ተቀምጠው፥ ነጭ ማሰሮም ከጐናቸው ቆሞ ይታያል። ሥዕሉ በ17ኛው መቶ ዓመት የኖረው የዴልፍቱ ሠዓሊ የዮሐንስ ቬርሜር ሥራ ነው ተብሎ ከ500 ሺህ ጊልደር በላይ ተከፍሎበት ነበር። ነገር ግን ዐይን የተከፈተበትን ሰዓት የሚያሳየው ይህ ሥዕል፥ የብዙ ሊቃውንትን ዐይን የጋረደ ሐሰት ነበር፤ ገና ከተሣለም አንድ ዓመት ያህል ብቻ አልፎት ነበር።

ሐሰቱ እንዴት እንደ ተገለጠ መናገር፥ የሰው ልጅ ጠጣሩን ነገር፥ ድንጋዩን፥ ብረቱን፥ የደረቀውን ቀለም፥ በብርሃንና በጨረር መጠየቅን እንዴት እንደ ተማረ መናገር ነው። ይህ ትምህርት የብዙ ሀገሮች የጋራ ሀብት ቢሆንም፥ እርስ በርሳቸው በጥቂት ሰዓት መንገድ የሚገናኙት ሦስቱ የሆላንድ ከተሞች፥ አምስተርዳም፣ ሮተርዳምና ሄግ፥ በታሪኩ ውስጥ ያላቸው ስፍራ ከፍ ያለ ነው፤ በእነዚሁ ከተሞች ጥበቡም ተንኰሉም ፍርዱም ተገናኝተዋልና።

አስቀድሞ ስለ ምርመራው ባሕርይ ጥቂት ማለት ይገባል። ከምድጃ አጠገብ ያደገ ሁሉ እንደሚያስታውሰው፥ ጨው የገባበት ወጥ ገንፍሎ ከእሳቱ ላይ በፈሰሰ ጊዜ ነበልባሉ ባንድ አፍታ ደማቅ ቢጫ ይሆናል። ይህ ቢጫ የጨው አንዱ ክፍል የሆነው የሶዲየም ምልክት ነው። ብርሃኑ በመስተዋት ፕሪዝም አልፎ እንደ ቀስተ ደመና ቢዘረጋ፥ ሶዲየም ባለበት ሁሉ በዚያው በቢጫው ስፍራ፥ እጅግ ተቀራርበው የቆሙ ሁለት ብሩህ መስመሮች ይታያሉ፤ ስፍራቸውንም አይለውጡም። ጀርመናውያኑ ኪርኾፍና ቡንዘን በ1859 እና በ1860 በሃይደልበርግ ከተማ ያስረዱት ይህን ነው፤ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር ሲግል የሚሰጠው የራሱ የሆነ የመስመር ረድፍ አለው፥ ይህም ረድፍ ለሌላ ለማንም እንደማይሰጥ ማኅተም ነው። እንግዲህ ስፔክትሮስኮፒ የሚባለው ጥበብ፥ በእኛ አነጋገር የኅብረ ብርሃን ምርመራ፥ የዚህ ማኅተም ንባብ ነው።

ሆኖም ብርሃን ጠጣርን ነገር እንዲመረምር ከተደረጉት ቀደምት ሙከራዎች አንዱ የተፈጸመው ከዚያ በብዙ ቀድሞ፥ በሄግ ተወላጅ እጅ ነው። በ1629 በሄግ የተወለደው ክሪስቲያን ሃይኸንስ በልጅነቱ ያደገበት ቤት፥ ዛሬ የሥዕል ሙዚየም ከሆነው ከማውሪትስሃውስ አጠገብ የቆመ ነበር፤ አባቱ ኮንስታንታይንም የወጣቱን ሠዓሊ የሬምብራንትን ችሎታ አስቀድመው ካወቁት ሰዎች አንዱ ስለ ነበሩ፥ በዚያ ቤት የብርሃን ጥናትና የሥዕል ፍቅር ጐረቤታሞች ነበሩ ለማለት ይቻላል። ሃይኸንስ በ1690 ባሳተመው የብርሃን መጽሐፉ ውስጥ ከአይስላንድ ስለሚመጣ አንድ ጥሩ ድንጋይ በሰፊው ይናገራል። ድንጋዩ እንደ መስተዋት ያስተላልፋል፤ ነገር ግን በተጻፈ ወረቀት ላይ ቢያስቀምጡት ከሥሩ ያለው እያንዳንዱ ፊደል ሁለት ሆኖ ይታያል። ሃይኸንስ ይህን በዐይን ተድላ ብቻ አላለፈውም፤ ብርሃኑ በሁለት መንገድ የሚከፈለው በድንጋዩ ውስጣዊ ሥርዐት ምክንያት መሆኑን አስተውሎ፥ በብርሃኑ አካሄድ የድንጋዩን ውስጥ ለመረዳት ደከመ። የኋለኛው ዘመን መሣሪያ ሁሉ የቱን ያህል ቢረቅ፥ ጥያቄው ይኸው የሃይኸንስ ጥያቄ ነው፦ ወደ ጠጣሩ የገባው ብርሃን ሲመለስ ምን ይዞ መጣ?

ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ፥ ፒተር ዜማን የተባለው የዜላንድ ክፍለ ሀገር ተወላጅ፥ ያንኑ የጨውን ቢጫ ነበልባል በብርቱ ማግኔት ጫፎች መካከል አኑሮ ተመለከተ። ይህ የሆነው በ1896 በላይደን ነበር። ማግኔቱ ሲበረታ ቀጫጭኖቹ መስመሮች ሰፉ፤ በኋላም በጥንቃቄ ሲመረመሩ እያንዳንዳቸው እንደሚከፈሉ ታወቀ። ሊቁ ሎሬንትዝ ነገሩን ሲተረጕመው፥ ብርሃኑን የሚያወጡት በአተም ውስጥ የሚንቀሳቀሱ እጅግ ጥቃቅን የኤሌክትሪክ አካላት መሆናቸው ተገለጠ። ዜማን በ1897 ወደ አምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ ተዛውሮ፥ ከሎሬንትዝ ጋር የ1902ን የኖቤል ሽልማት ተካፍሎ፥ በ1943 እስኪሞት ድረስ በዚያችው ከተማ ኖረ። ከእርሱ ወዲህ የኅብረ ብርሃን መስመር የንጥረ ነገር ስም መጥሪያ ብቻ መሆኑ ቀርቶ፥ የአተምን የውስጥ ኑሮ የሚያስነብብ ጽሑፍ ሆነ።

ነገር ግን ጠጣሩን ነገር በነበልባል መጠየቅ አንድ ትልቅ ችግር ነበረበት፤ ምስክሩ እንዲናገር መቃጠል ነበረበት። ብረቱ ወይም ድንጋዩ ተፍቆ፥ ዱቄቱ በእሳት ተንኖ ካልበራ ማኅተሙ አይነበብም። ይህን ችግር የፈታው ራጅ ነው። ሮንትገን በ1895 ራጅን ካገኘ በኋላ፥ እንግሊዛዊው ሞዝሊ በ1913 እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የራሱ የሆነ የራጅ መስመር እንዳለውና፥ መስመሮቹም የንጥረ ነገሮቹን ተራ ቍጥር ተከትለው በሥርዐት እንደሚሄዱ አስረዳ። በዚህ መንገድ ከሄዱት አንዱ ጥቅምት 5 ቀን 1889 በአምስተርዳም የተወለደው ዲርክ ኮስተር ነው። ኮስተር ከሀንጋሪው ሊቅ ከሄቬሺ ጋር በኮፐንሃገን ሲሠራ፥ ዚርኮኒየም የሚባለው ንጥረ ነገር ካለበት ማዕድን ውስጥ ማንም ያላየውን ሰባ ሁለተኛውን ንጥረ ነገር በራጅ መስመሩ ለይቶ በ1923 ለዓለም አስታወቀ፤ ስሙንም በኮፐንሃገን የላቲን ስም ሃፍኒየም አሉት። ያ ንጥረ ነገር ከዚርኮኒየም ጋር ባሕርዩ እጅግ ስለሚመሳሰል ዘመናት ሙሉ ተሰውሮ ኖሮ ነበር፤ ከራጁ ፊት ግን ሊሰወር አልቻለም።

ኮስተር በተወለደ በአምስተኛው ቀን፥ ጥቅምት 10 ቀን 1889፥ በዴቬንተር ከተማ ሌላ ሕፃን ተወለደ፤ ሃን ፋን ሜጌረን ይባላል። አንዱ የተሰወረውን ለመግለጥ፥ ሁለተኛው የተገለጠውን ለመሰወር ዕድሜያቸውን ሰጡ። ፋን ሜጌረን በሄግ ከተማ የባለጸጎችን መልክ እየሣለ ሲኖር፥ ተቺዎች ሥራውን አናንቀው ጽፈውበት ነበርና፥ ቂም በልቡ አድሮ በ1932 ወደ ደቡብ ፈረንሳይ ሄደ። በዚያም ሊቃውንትን የሚያታልል ቀለም ለመሥራት ዓመታት አሳለፈ።

ድካሙ ለክፉ ቢሆንም ጥበቡ የሚያስደንቅ ነው። በዘይት የተበጠበጠ ቀለም ውስጡ ድረስ ደርቆ እስኪጠነክር ድረስ ብዙ ዐሥርት ዓመታት ይፈጃል፤ አዲስ ሥዕልን ከአሮጌ የሚለየው አንዱ ምልክት ይህ ነው፤ አዲሱ በአልኮል ሲታሽ ይለቃል፥ የጥንቱ ግን አይለቅም። ፋን ሜጌረን ይህን ለማለፍ በዘይት ፈንታ ፌኖልና ፎርማልዴሃይድ ከሚባሉ ነገሮች የሚሠራ፥ ባክላይት የሚባለው የፋብሪካ ዕቃ የሚወጣበትን ዐይነት ሙጫ ከቀለሙ ዱቄት ጋር ለወሰ፤ ሥዕሉንም ከ100 ዲግሪ በላይ በሞቀ ምድጃ ጋገረው። ሸራው ከ17ኛው መቶ ዓመት የተረፈ እውነተኛ አሮጌ ሸራ ነበር፤ የላዩን ሥዕል ፍቆ፥ ከሥር ያለውን የተሰነጣጠቀ ደልዳላ ግን ጠብቆ፥ አዲሱ ቀለምም በአሮጌው ስንጥቅ መንገድ እንዲሰነጠቅ ሸራውን በእንጨት ላይ እየጠቀለለ፥ በስንጥቁም ውስጥ የዘመናት ትቢያ እንዲመስል ቀለም አስገባ። ሰማያዊውን እንደ ቬርሜር ከላፒስ ላዙሊ ድንጋይ ፈጨ፥ ነጩንም ከእርሳስ አዘጋጀ።

በ1937 ሥዕሉ ከአብራሃም ብሬዲየስ ፊት ቀረበ። ብሬዲየስ በአምስተርዳም የተወለዱ፥ ከ1889 እስከ 1909 የሄጉን ማውሪትስሃውስ ያስተዳደሩ፥ በሆላንድ ሥዕል ዕውቀት በዘመናቸው ወደር የሌላቸው የ82 ዓመት ሽማግሌ ነበሩ። ቬርሜር በወጣትነቱ ሃይማኖታዊ ሥዕል ሣለ የሚለው አሳብ በሊቃውንት ዘንድ ሲጠበቅ ስለ ነበር፥ ሽማግሌው የናፈቁትን ባዩ ጊዜ ልባቸው ዐይናቸውን ቀደመው፤ ሥዕሉን የቬርሜር ዐቢይ ሥራ አድርገው በታወቀ የእንግሊዝ መጽሔት ጻፉለት። በዚህ ልንፈርድባቸው አይገባም። የሰው ዐይን የሚያየው የተቀመጠለትን ብቻ ሳይሆን የሚመኘውንም ነውና፥ ዕውቀቱ በበዛ ቍጥር የምኞቱም ኀይል የሚበረታ ጊዜ አለ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ፋን ሜጌረን ሌሎችንም ሐሰተኛ ቬርሜሮች ሠርቶ ሸጠ፤ ከእነዚህ አንዱ፥ በዝሙት የተያዘችው ሴት ከክርስቶስ ፊት የቆመችበት ሥዕል፥ በናዚው ሹም በጎሪንግ እጅ ገባ። ጦርነቱ ባለቀ ጊዜ ሥዕሉ ተገኝቶ ሲመረመር የመጣበት መንገድ ወደ ፋን ሜጌረን አደረሰ፤ ግንቦት 29 ቀን 1945 የሀገርን ቅርስ ለጠላት ሸጠሃል ተብሎ በአምስተርዳም ተያዘ። ቅጣቱ ከባድ መሆኑን ባየ ጊዜ ቬርሜር አይደለም፥ እኔ ነኝ የሣልሁት ብሎ ተናዘዘ፤ ለማስረጃም በጠባቂዎች ፊት፥ ሕፃኑ ኢየሱስ በመምህራን መካከል የተቀመጠበትን ሌላ ሥዕል ሣለ።

ይሁን እንጂ የተከሳሽ ቃል ብቻውን እውነትን አያጸናም፤ መሣሉን መቻሉም መሣሉን አያስረዳም። ስለዚህ በብራስልሱ ኬሚስት በፖል ኮረማንስ የሚመራ የባለሙያዎች ጉባኤ ተሰበሰበ፤ ከአባላቱም መካከል የሄጉ የሥዕል ጠጋኝ ማርቲን ደ ቪልትና የመንግሥት ኬሚስት የነበረው ፍሮንትየስ ይገኙ ነበር። ደ ቪልት ሥዕልን በተፈጥሮ ሳይንስ ስለ መመርመር በ1928 የዶክትርና መጽሐፍ የጻፈ ሰው ነው። ጉባኤው ጠጣሩን ቀለም ጠየቀ፤ ቀለሙም መለሰ። በቀለሙ ውስጥ በ17ኛው መቶ ዓመት ያልነበረው የፌኖልና የፎርማልዴሃይድ ሙጫ ተገኘ። በራጅ ሲታይ ከአዲሱ ሥዕል ሥር የአሮጌው ቅሪት ተገለጠ። በዝሙት በተያዘችው ሴት ሥዕል ላይ ደግሞ፥ በላፒስ ላዙሊው ውስጥ የኮባልት ሰማያዊ ተደባልቆ ተገኘ፤ ይህ ቀለም ፈረንሳዊው ቴናር በ19ኛው መቶ ዓመት መግቢያ ያወጣው ሲሆን፥ ቬርሜር ግን በ1675 የሞተ ሰው ነው። ጥቅምት 29 ቀን 1947 ሐሰተኞቹ ሥዕሎች ራሳቸው በአምስተርዳሙ ፍርድ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅለው፥ ዳኛውና ተከሳሹ ከሥራቸው ተቀምጠው ነገሩ ተሰማ። ፋን ሜጌረን የአንድ ዓመት እስራት ተፈረደበት፤ ቅጣቱን ሳይጀምር ታኅሣሥ 30 ቀን 1947 በዚያችው ከተማ ሞተ።

ከዚህም በኋላ የኤማሁሱ ሥዕል እውነተኛ ቬርሜር ነው ብለው የተከራከሩ አልጠፉም፤ አንድ የሮተርዳም ባለጸጋ ሰብሳቢማ ኮረማንስን እስከ መክሰስ ደርሰው ነበር። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እንደሚባለው፥ ክርክሩን የዘጋው ከሀያ ዓመት በኋላ የመጣ ሌላ ጨረር ነው። በአሜሪካ በፒትስበርግ ይሠራ የነበረው በርናርድ ካይሽ በ1968 ባሳተመው ጽሑፍ፥ በሥዕሉ ነጭ ቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ የሚያወጣውን ደካማ ጨረር ቈጠረ። ነገሩ እንዲህ ነው። በእርሳስ ማዕድን ውስጥ ራዲየም እየፈረሰ እርሳስ 210 የተባለውን ዐይነት እርሳስ ይተካል፤ ሁለቱም ተመዛዝነው ይኖራሉ። ማዕድኑ ቀልጦ እርሳስ ሲወጣ ግን ራዲየሙ አብዛኛው ከዝቃጩ ጋር ይወገዳል፤ ተተኪ ያጣው እርሳስ 210ም በየ22 ዓመቱ እየተገመሰ ይሄዳል። ሦስት መቶ ዓመት ባለፈው ቀለም ውስጥ እንግዲህ ሁለቱ እንደ ገና እኩል ሆነው መገኘት አለባቸው። በእውነተኛው የቬርሜር ሥራ፥ ዳንቴል በምትሠራው ሴት ሥዕል፥ በአንድ ግራም እርሳስ በየደቂቃው 1.5 እና 1.4 ሆነው ተቈጠሩ፤ በኤማሁሱ ሥዕል ግን 8.5 እና 0.8። ሚዛኑ ፈጽሞ አልተገናኘም። እርሳሱ ከማዕድኑ የወጣው በእኛ ዘመን ነበረ፤ ፋን ሜጌረን ሸራውን ማስረጀት ቢችልም እርሳሱን ማስረጀት አልቻለም።

ከሐሰቱ ወደ እውነቱ ስንመለስ፥ ከሄግ የበለጠ የሚያስተምር ስፍራ የለም። የቬርሜር «የሉል ጕትቻ ያላት ልጃገረድ» በ1881 በሄግ ከተማ በሐራጅ ስትሸጥ ዴ ቶምብ የተባሉ ሰው የገዟት በ2 ጊልደር ነበር፤ እርሳቸው በ1902 ሲሞቱም በኑዛዜ ለማውሪትስሃውስ ተላለፈች። ለሐሰቱ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ፥ ለእውነቱ ሁለት ጊልደር፤ የገበያ ዋጋ የእውነት ሚዛን አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚመሰክር የለም። በ2018 የካቲት መጨረሻ ይህች ሥዕል ለሁለት ሳምንት በሙዚየሙ ውስጥ በሕዝብ ፊት በመሣሪያ ተመረመረች። አሁን ምስክሩ መቃጠልም መፋቅም አላስፈለገውም፤ ራጅ በሥዕሉ ላይ እያለፈ እያንዳንዱን ንጥረ ነገር በራሱ መስመር ሲያበራው፥ መሣሪያው የእርሳሱን፥ የብረቱን፥ የሜርኩሪውን ካርታ ለየብቻው ሣለ። ጥቍር ባዶ ይመስል የነበረው ከኋላዋ ያለው ስፍራ አረንጓዴ መጋረጃ እንደ ነበረ፥ የጠፉ የመሰሉት የዐይኖቿ ሽፋሽፍትም በእርግጥ ተሥለው እንደ ነበሩ ተገለጠ። የቀለሞቹም ሀገር ታወቀ፤ ነጩ እርሳስ ከሰሜን እንግሊዝ፥ ሰማያዊው ድንጋይ ዛሬ አፍጋኒስታን ከምትባለው ምድር፥ ቀዩ ቀለም በሜክሲኮና በደቡብ አሜሪካ በቍልቋል ላይ ከሚኖሩ ጥቃቅን ነፍሳት የመጣ ነው። አንዲት ልጃገረድ በዴልፍት ለመሣል ዓለም ሁሉ ቀለም አዋጥቶ ነበር።

በአምስተርዳምም ራይክስሙዚየም በ1642 ሬምብራንት የፈጸመውን ታላቁን «የሌሊት ዘብ» ከሐምሌ 2019 ጀምሮ በመስተዋት ክፍል ውስጥ አድርጎ በሕዝብ ፊት እያስመረመረው ነው። የራጁ መሣሪያ ሸራውን ሁሉ ለመቃኘት 56 ጊዜ መሥራት፥ ለእያንዳንዱም 24 ሰዓት ያህል መፍጀት አስፈልጎታል። ሬምብራንት ከሁሉ አስቀድሞ በሸራው ላይ እርሳስ ያለበት ሽፋን እንደ ቀባ በ2023 ታወቀ፤ ሥዕሉ የሚሰቀልበት ግድግዳ ርጥበት ያለበት ስለ ነበር ሸራውን ለመከላከል ያደረገው ይመስላል ብለው መርማሪዎቹ ይተረጕሙታል። በ2024ም በሥዕሉ ላይ የሚታየው የአንዱ ሹም ልብስ የወርቅ ጥልፍ የሚያበራው ሬምብራንት ብዙ ባልተለመደ፥ አርሴኒክና ድኝ ባለበት ቢጫ ቀለም ስለ ሣለው መሆኑ ተገለጠ። ሠዓሊው በጽሑፍ ያልተወውን የእጁን ጥበብ ሸራው በቃሉ ይዞ ቈይቶ ነበር።

አንባቢ ሆይ፥ ይህ ሁሉ የሩቅ ሀገር ወሬ ብቻ እንዳይመስልህ። በእኛ ቋንቋ ቀለም ማለት የሠዓሊው ቀለም ብቻ አይደለም፤ የጸሓፊው ቀለም፥ የፊደሉም ትምህርት ነው፤ ሊቁንም የቀለም ቀንድ ብለን የምናከብረው ስለዚህ ነው። በጣና ደሴቶች ገዳማት፥ በጐንደር በደብረ ብርሃን ሥላሴ፥ በየደብሩ ዕቃ ቤት በተቀመጡት የብራና መጻሕፍት ላይ ያለው ቀለም ከየት እንደ መጣ፥ በማን እጅ በምን እንደ ተበጠበጠ የሚናገር ጽሑፍ ጥቂት ነው፤ ቀለሙ ራሱ ግን ያውቃል። በ1868 ከመቅደላ የተወሰደው የኵርዐተ ርእሱ ሥዕል በየትኛው የአውሮፓ ሀገር ሠዓሊ እንደ ተሣለ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ በእንዲህ ያለ ክርክር መካከል የእርሳሱና የዘይቱ ቃል ሊሰማ ይገባዋል።

ስለዚህ የአድባራትና የገዳማት አለቆች፥ የዩኒቨርሲቲ መምህራንም፥ አንድ ነገር እንለምናችኋለን። የደበዘዘ ሥዕል ይታደስ ሲባል፥ የፋብሪካ ቀለም ከመቀባቱ በፊት አሮጌው ይመርመር፥ ይመዝገብ፥ ፎቶግራፉም ይቀመጥ። ምስክሩ ሳይቃጠል የሚናገርበት መሣሪያ ዛሬ በዓለም ላይ አለ፤ ከተቀባ፥ ከታጠበና ከተፋቀ በኋላ ግን የቱም መሣሪያ የጠፋውን ምስክር አያስነሣውም። ሆላንዳውያን ሐሰተኛውን የኤማሁስ ሥዕል እንኳ አላቃጠሉትም፤ ዛሬም የሮተርዳሙ ሙዚየም ንብረት ነው፥ በሠሪውም በፋን ሜጌረን ስም ተመዝግቦ ይኖራል። ሐሰቱን እንዲህ ከጠበቁት፥ እኛ እውነተኛውን እንዴት አንጠብቅም?